የተደበቀችው መወርወሪያ

ደሴ ሰኞ ገበያ፣ መሬት ላይ ከተዘረጉ አሮጌ ዕቃዎች መካከል አንዲት የሸማኔ መወርወሪያ አየሁና አነሳኋት። እንጨቷ በእጅ ንክኪ ብዛት ለስልሶ እንደ ወንዝ ድንጋይ ያበራል።

ኮምቦልቻ ቤታችን ውስጥ አባቴ እግሮቹን ከሽመና ዕቃው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ ሲሸምን፣ እንዲህ ያለችው መወርወሪያ ማጉን ይዛ በድሩ መሃል ትመላለስ ነበር። ጧት ጧት የምነቃው በእሷ ድምፅ ነው። ያን ሰሞን የሚሠራው፣ ለሥራ ወደ ጅዳ ለምትሄደው ታላቅ እህቴ ለዘሐራ የሚሆን ነጠላ ነበር።

«ነጠላዬ ሳያልቅማ አልሄድም» ስትል ሰማኋት። በማግስቱ መወርወሪያዋን ወስጄ የጥጥ ከረጢት ውስጥ ቀበርኳት።

ቤቱ ቀኑን ሙሉ ጸጥ አለ። ዘሐራ «አይጥ ለሰርጓ ወስዳት ይሆናል» እያለች ትስቃለች። አባቴ ከአሱር ሶላት ሲመለስ ጠራኝና ከፀጉሬ ላይ የጥጥ ብናኝ ለቀመ።

«ልጄ፣ ነጠላው ባያልቅም መኪናው ይሄዳል» አለኝ በቀስታ። «ሳትለብሰው ብትሄድ ይሻላል?»

መወርወሪያዋን አመጣሁለት። ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ጉልበቱ ላይ አስቀመጠኝ።

«የመጨረሻዋን አንቺ ወርውሪ። ዳሩ ላይ ያንቺም ክር ይኑራት።»

መወርወሪያዋ እጄ ውስጥ ሞቀች። ነጩ ድር ፊቴ ላይ እንደ ጉም ተዘርግቷል። ዘሐራ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ልወርውራት አልወርውራት፣ ዛሬም አላስታውስም።

«እቴ፣ ትገዣለሽ ወይስ ትመልሻለሽ?» አለኝ ሻጩ።

«አንዴ ቆየኝ» አልኩት፤ መወርወሪያዋን የጨበጡት ጣቶቼ ግን አልፈታ አሉኝ።