ያደረ ውሃ

ባለፈው ሰኞ ተማሪዎቼን ለሳይንስ ሙከራ ውሃ እንዲቀዱ ልኬ፣ በባልዲ ያመጡልኝ ገና ከቧንቧ የወረደ ስለነበር የበረኪናው ሽታ አፍንጫዬን ሰነጠቀው። ክሎሪን ውሃ ውስጥ ለምን እንደሚጨመር ላስረዳ ጠመኔ አነሳሁ፤ ማስረዳት ከጀመርኩ ማቆሚያ እንደሌለኝ ልጆቹም ያውቃሉ። ግን አንድ ቃል ሳልጽፍ ሽታው መርካቶ፣ ከሲኒማ ራስ ጀርባ ወደነበረው ግቢያችን፣ አሥር ዓመት ወደሞላኝ ክረምት ይዞኝ ሄደ።

ያን ክረምት ከቆርቆሮው በር አልወጣሁም። ሰኔ መጨረሻ ላይ ከአባቴ የሱቅ ሠራተኛ ከቦጋለ እጅ አምልጬ፣ በሰው ጎርፍ ተገፍቼ፣ አንድ ጫማዬን ጥዬ፣ ከሰዓት በኋላ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ተገኘሁ፤ ብርድ ልብስ በጅምላ የሚሸጠው አባቴም ከዚያ ቀን ወዲህ መርካቶን ልጅ እንደሚበላ አውሬ ያያት ጀመር። እኔ በሆዴ ተኝቼ ከበሩ ሥር ባለው ክፍተት አጮልቃለሁ፤ ዓለም ለእኔ እግር ብቻ ነበረች። ጭቃ የለበሰ ቡትስ፣ የጋሪ ጎማ፣ የተሰነጠቀ ነጠላ ጫማ፣ «ዞር በሉ!» እያለ የሚሮጥ ተሸካሚ ተረከዝ። ከእግሮቹ በላይ ያለውን ሰው በሐሳቤ ራሴ እሥለዋለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ደስተኛ አድርጌ።

አባቴ ልቅሶዬ ሲሰለቸው፣ ምግብ ቤቱን ከዘጋ ደንበኛው አኳሪየም ገዝቶ መጣ፤ ሻንጣ የሚያህል የመስታወት ሣጥን፣ እንደ ድመት የምታንኮራፋ የአየር መንፊያ ሞተር፣ ከዚያም በፌስታል ውሃ ውስጥ አምስት ብርቱካንማ ዓሦች። ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን አስቀመጥነው፤ ቴሌቪዥኑም ተመልካች አጣ።

«አምስቱንም እስከ መስከረም ካቆየሽልኝ ትልቅ ሰው ነሽ» አለኝ አባቴ፤ «ከዘይነባ ጋር ብቻችሁን ትምህርት ቤት ትሄዳላችሁ።»

ዘይነባ የጎረቤታችን የጋሼ ሸምሱ ልጅና የክፍል ጓደኛዬ ናት። ዓሦቹ ከሞቱ ግን ቦጋለ እጄን ይዞ እንደ ብርድ ልብስ ጥቅል ያደርሰኛል፣ ይመልሰኛል፤ ያውም እስከ ስምንተኛ ክፍል።

ያኔም ሥርዓት እወድ ነበርና ለዓሦቹ ደብተር ከፈትኩላቸው፤ የበሉበት ሰዓት፣ ውሃ የተቀየረበት ቀን፣ ጠባይ። በሰፈራችን ቧንቧ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማለዳ ነው፤ የእናቴ ሕግ ደግሞ የታወቀ ነበር። አዲስ የመጣው ውሃ ለመጠጥና ለእንግዳ፣ በበርሜል ያደረው ለልብስና ለእግር። ለእንግዳ ያደረ ውሃ ማቅረብ በእሷ ዘንድ ፊት ከመንሳት አይለይም። እኔም ዓሦቹን በእንግዳ ደንብ ተቀበልኳቸው፤ ቧንቧው በመጣ ቁጥር አሮጌውን እስከ ጠብታው ደፍቼ፣ ጠጠሩን በብሩሽ ፈትጌ፣ በጎማ ከቧንቧው በቀጥታ እሞላላቸዋለሁ። እናቴ «እሰይ፣ የኔ ባለሙያ!» ትለኛለች።

የመጀመሪያው በሳምንቱ ሞተ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁለት በአንድ ቀን። ሞታቸውን ደብተሩ ላይ በጻፍኩ ቁጥር ይበልጥ ማጠብ፣ ይበልጥ መቀየር። አምስተኛዋ መስታወቱ ጥግ ላይ አፏን ለጥፋ ስትከፍትና ስትዘጋ እኔም ከውጪ ግንባሬን አስደግፌ፣ መታሰር እየገደላቸው ነው ብዬ አለቅሳለሁ፤ ለእሷ ይሁን ለራሴ አልለየሁም።

ጋሼ ሸምሱ ጄሪካንና በርሜል ነጋዴ ነበሩ፤ የሱቃቸው የጀርባ በር ወደ ግቢያችን ይከፈታል። ልቅሶዬን ሰምተው ገቡና ደብተሬን አገላበጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ሁሉም የሞቱት ውሃ በመጣበት ቀን ነው እኮ። ራስሽ ጽፈሽዋል። እስቲ አፍንጫሽን አስጠጊ፤ ምን ይሸታል?»

«በረኪና።»

«ታዲያ አንቺ በረኪና ውስጥ ትኖሪያለሽ? ከበርሜሉ ጨምሪላት፣ ያውም በጥቂት በጥቂቱ።»

«ጋሼ፣ ለእንግዳ ያደረ ውሃ ይሰጣል እንዴ?»

«እንግዳማ አድርገሽ ፈጀሻቸው! በቃ፣ ይቺን ቤተኛ አድርጊያት።»

ዛሬ መምህር ሆኜ በሰሌዳ ላይ ላስረዳው እችላለሁ። ክሎሪኑ ክፍት ዕቃ ውስጥ ሲያድር ይበናል፤ በአዲስ አኳሪየም ጠጠር ላይ ደግሞ ውሃውን የሚያጠሩ፣ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን እስኪለምዱ ሳምንታት ይወስዳል፣ እኔ ግን በብሩሽ እጠርጋቸው ነበር። ያኔ የገባኝ አምስተኛዋ በእግር መታጠቢያ ውሃ መዳኗ ብቻ ነው።

ክረምቱን ሙሉ ሲመሽ ገብቶ ሲነጋ ሱቁ ይሄድ የነበረው አባቴ ጳጉሜ ላይ ሊቆጥራቸው መስታወቱ ፊት ተንበረከከ። እናቴ አራት ሌሎች ገዝተን እንድንተካ አስቀድማ ሹክ ብላኝ ነበር፤ እምቢ ብዬ ደብተሩን ሰጠሁት። አነበበው። ቁጣ ስጠብቅ ድምፁ ለሰለሰ፤ ያ ደግሞ ይብሳል።

«አየሽ ልጄ፣ እዚህ ቤት ውስጥ፣ እንዲህ እየተጠበቁ አራቱ ከሞቱ፣ አንቺን ለዚያ ግርግር እንዴት ልስጥሽ?»

«አባዬ፣ አንዳቸውም ወጥተው አልሞቱም» አልኩት።

ብልጠት አልነበረም፤ የማስረዳት አመሌ ነው። አባቴ ግን ደብተሩን እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ ገለጠ። ትምህርት በተከፈተ ቀን ቦጋለ ሱቅ ውስጥ ብርድ ልብስ እያጠፈ ቀረ፣ አባቴም የቆርቆሮውን በር ራሱ ከፈተልኝ። ለሁለት ዓመት ከዘይነባ ጋር በእግራችን ተመላለስን፤ እግር ብቻ የነበሩት ሰዎች ፊት አወጡ፣ ብዙዎቹ እንደገመትኳቸው ደስተኞች አልነበሩም።

ግቢው ዛሬ የለም፤ በቦታው ባለብዙ ፎቅ የገበያ ሕንፃ ቆሟል። ዘይነባ አግብታ ርቃለች፣ ጋሼ ሸምሱ አርፈዋል። አባቴ ከእኔ ጋር፣ ከተማው ዳር ባለ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። የበሩን ወርድ ይሞላ የነበረው ሰውዬ ባለፈው ቅዳሜ ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን ቦርሾ፣ መተላለፊያው ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«መርካቶ ደርሼ ልምጣ?» አለኝ።

ደረጃውን፣ የታክሲውን ግፊያ፣ የጉልበቱን ነገር፣ ባለፈው ራሱን እንዳዞረው አንድ በአንድ አስረዳሁት። ሁሉም እውነት ነበር። አባቴ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ።