የደረቅ እንጨት ጉልበት

ድንጋይ በሚወጣበት ካባ ሰው ሁሉ “ሽብልቁ” የሚለው አንድ ሠራተኛ አለ። ትልልቁ ድንጋይ የሚሰነጠቀው እሱ በሚጠርባቸው የእንጨት ሽብልቆች ነው። ድንጋዩ ላይ በአንድ መስመር ጉድጓዶች ይቦረቦራሉ፤ በየጉድጓዱ ደረቅ ሽብልቅ ጥብቅ ተደርጎ ይመታል፤ ከዚያ ሽብልቁ ውሃ እንዲጠጣ ይደረጋል። ዛፍ ሳለ ውሃ ያመላለሱለት ቀጫጭን ቱቦዎች ከተቆረጠም በኋላ አይደፈኑም። ውሃው በነሱ ገብቶ የእንጨቱን ሥጋ ያሳብጠዋል፤ ማበጫ ቦታ ያጣ እንጨት ድንጋዩን ይገፋል። አስቀድሞ የጠጣ ሽብልቅ ግን ያበጠውን አብጧል፤ ለድንጋይ የሚተርፍ ጉልበት የለውም።

የሰንጣቂዎቹ መሪ ጡረታ ሊወጣ ነው። አለቃው ለሽብልቁና ለአማቹ አንድ አንድ ድንጋይ ሰጣቸው።

“ቀጥ አድርጎ የሰነጠቀ መሪ ይሆናል” አለ።

አማቹ የታናሽ እህቱ ባል ነው፤ ሥራውን ያስተማረውም ሽብልቁ ነው። አሁን ቤት ውስጥ የሚወራው ስለ አማቹ ብቻ ሆኗል። እናቱ እንኳ ለገዛ ልጇ “እስቲ እንደሱ ተጫወት፣ እንደሱ ሳቅ” ትላለች። ያን ጊዜ ሽብልቁ ምግቡን ትቶ ይነሳል።

በውድድሩ ዕለት ሽብልቁ ከሁሉም ቀድሞ ካባው ገባ። የአማቹን ሽብልቆች በርሜል ውስጥ ነከራቸው። ሲያብጡ አውጥቶ በጨርቅ አባበሳቸውና ወደ ከረጢታቸው መለሳቸው።

አማቹ የመጀመሪያውን ሲያነሳ በመዳፉ መዘነው። ወደ ጉድጓዱ አስጠጋው፤ አልገባም።

“ጋሼ፣ እነዚህ ረጥበዋል። ትርፍ ደረቅ ይኖርሃል?”

“ለራሴም አልበቃኝ።”

የሽብልቁ ከረጢት ውስጥ ግን ገና ብዙ ደረቅ ነበር።

አማቹ ግራ ቀኙን አየ። ሠራተኛው ምሳ የሚበላበትን አሮጌ አግዳሚ ወንበር ገልብጦ ለሽብልቅ በመጋዝ ይቆርጠው ጀመር።

“ኧረ አንተ ሰውዬ! ቆመን ልንበላ ነው?” አለ አንዱ ቦርቧሪ።

“ቆመህ ስትበላ ሆድህ ብዙ ይይዝልሃል!” አለው አማቹ።

ሰው ሳቀ። ሽብልቁ አልሳቀም። “ደግሞ ያስቃል” አለ በልቡ።

ሽብልቅ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ሁሉም እኩል እንዲያብጥ ውሃው ቀስ እያለ ነው የሚንጠባጠብለት። ይህን ለአማቹ ያስተማረው ራሱ ነው። አሁን ግን አማቹ ወንበሩን ጠርቦ ሳይጨርስ የራሱ ድንጋይ ተሰንጥቆ እንዲታይ ፈለገ። ባልዲ አንስቶ ውሃውን በመስመሩ አንድ ጫፍ ባሉት ሽብልቆች ላይ ቸለሰው። ያ ጫፍ ቀድሞ ጠጣ፣ ቀድሞም አበጠ። ከሰዓት በኋላ ድንጋዩ ጮኸ። ስንጥቁ መስመሩን ለቆ ወደ ጎን ሄደና ሲሶው ተገምሶ ወደቀ።

የአማቹ ድንጋይ ዘገየ። ሥራ ሊያበቃ ሲል ቀጥ ብሎ ለሁለት ተከፈለ።

አለቃው ሁለቱንም አየ።

“መሪው አንተ ነህ” አለው አማቹን።

ሰው ሲበተን አማቹ እርጥቦቹን ሽብልቆች ይዞ መጣ። ሽብልቁ ጡጫውን ጨብጦ ስድቡን ጠበቀ።

“ጋሼ፣ ከነገ ጀምሮ የሁላችንንም ሽብልቅ የምታደርቀው አንተ ነህ። ከረጢቶቹም አንተ ጋ ያድራሉ።”

“አውቀሃል ማለት ነው?”

“እህትህ አታውቅም፤ እኔም አልነግራትም” ብሎት ሄደ።

ሽብልቁ ከረጢቱን አነሳ። አማቹ ቢሰድበው ኖሮ ቤት ገብቶ ለእናቱ የሚከስበት ነገር ያገኝ ነበር። አማቹ ይህንንም ነሳው።