በእናቷ ወፍጮ የተፈጨው ማግኔት

ባለፈው ጥቅምት ቢቸና መናኸሪያ የሞጣ መኪና ስጠብቅ ስልኬ አምልጦኝ አፈር ላይ ወደቀ። ሳነሳው ሽፋኑን በሚገጥመው ማግኔት ላይ ጥቁር ብናኝ እንደ ጢም ቆሞበታል። በጣቴ ብጠርገው አልለቅ አለኝ፤ ብቻዬን ሳቅሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴት «ምነው ጋሼ፣ ደኅና ነዎት?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ይህ ብናኝ ጓደኛዬን ዶክተር ከመሆን ያስቀራት ነው ብል፣ መኪናው ቀርቶ ጠበል ይፈልጉልኝ ነበር።

ጓደኛዬ የኔዓለም ትባላለች። እሷ የሞጣ፣ እኔ የቢቸና፤ አዲስ አበባ ፊዚክስ ለሁለተኛ ዲግሪ ስንማር በአገር ልጅነት ተዋወቅን። ጥናቷ ዚንክ ኦክሳይድ በሚባል ነጭ ዱቄት ላይ ነበር። ሴሚኮንዳክተር ነው፤ ኤሌክትሪክን እንደ መዳብ ዝም ብሎ አያሳልፍም፣ እንደ እንጨትም ጨርሶ አይከለክልም። ማግኔት ደግሞ አይደለም። ማንጋኒዝ የሚባል ማዕድን ጥቂት ቢገባበት ግን ማግኔት ይሆን ይሆናል የሚል ተስፋ ያን ጊዜ ብዙ አዋቂዎችን ይዞ ነበር። ከተሳካ ኮምፒውተር የሚያሰላበትና የሚያስታውስበት ዕቃ አንድ ሊሆን ነው ይባላል። እኛም ወጣት ነበርንና አመንን።

ሥራው ግን ከሳይንስ ይልቅ ማጀት ማጀት ይሸት ነበር። መፍጨት፣ ምድጃ ውስጥ መጋገር፣ ደግሞ መፍጨት። ቤተ ሙከራው ያለው አንድ ሙቀጫ ብቻ ስለሆነ ወረፋው የቀበሌ ስኳር ነው። ስለዚህ ትምህርት ሲዘጋ የኔዓለም ዱቄቷን ይዛ ሞጣ ገባች። አማካሪዋ ደጋግመው ያስጠነቀቋት አንድ ነገር ነበር፤ «ብረት እንዳታስነኪው፤ ማንኪያም ቢሆን!»

አላስነካችም። እናቷ እማማ ትሁን ገና እህል ያልቀመሰ አዲስ የእጅ ወፍጮ ነበራቸው። በፈላ ውኃ አጠቡት፣ በሎሚ ፈተጉት፣ ለልጃቸው ሰጧት። ዱቄቱን በእንጨት ማንኪያ እየዛቀች፣ የጣቷን ቀለበት እንኳ አውልቃ ፈጨችው። እማማ ትሁን ገለባ እንዳይገባበት በሩን ዘግተው፣ ዶሮውን ሁሉ ሲያባርሩ ከረሙ። ድንጋይ ነዋ! ድንጋይ ምን ብረት አለበት?

ተመልሳ ጋግራ ስትለካው ዱቄቱ ማግኔት ሆኖ ተገኘ። አማካሪዋ ከወንበራቸው ተነሥተው አጨበጨቡ። ውጭ አገር ላለ ወዳጃቸው ጻፉ፤ ውጤቱ ከጸና እሱ ዘንድ ያለው የዶክትሬት ቦታ የአንቺ ነው አሏት። ሞጣ ሲሰማ እማማ ትሁን እልል ብለው ጎረቤቱን ጠላ ጠሩ።

በዱቄቱ ውስጥ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ መለካት የእኔ ድርሻ ነበር። ማግኔትነቱ የዱቄቱ የራሱ ከሆነ፣ ኤሌክትሪኩ በውስጡ ሲያልፍ ከተለመደው በላይ ወደ ጎን መታጠፍ አለበት። ብለካው፣ ብለካው ወይ ፍንክች! ቤቱ ውስጥ ማግኔት መኖሩን የሰማም አይመስል። መሣሪያው ላይ ተቆጣሁ። የኔዓለም ግን «ወፍጮው ቢሆንስ?» አለች።

«ድንጋይ እኮ ነው!»

«ሄደን እንየው።»

ሄድን። ዓባይ በረሃ ላይ በላብ ተጠመቅን፣ ደጀን ስንወጣ ብርዱ ተቀበለን። ቢቸና እናቴ ቤት የድንች ወጥ በልተን አደርን። በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ እስክንደርስ አቧራው ቅንድባችንን አቅልቶት ነበር። በመንገድ ሁሉ እንዲያው ድንጋዩ ንጹሕ በሆነ እያልኩ እመቤታችንን ስለምን ነበር። የኔዓለም መስኮቱን እያየች ዳቦ ቆሎ ትቆረጥማለች።

ከተሰበረ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የነቀልኩትን ማግኔት ይዤ ነበር። መጁን በወፍጮው ላይ በደረቁ አሸነው፣ የወጣውን ጥቁር ብናኝ ወረቀት ላይ አራገፍነውና ማግኔቱን ከሥር አስጠጋሁት። ብናኙ ቀጥ ብሎ ቆመ። ማግኔቱን ስወስደው ተከትሎት ሄደ።

«በስመ አብ! ትል ነው?» አሉ እማማ ትሁን ከበሩ ላይ።

የኔዓለም ነገረቻቸው። ያገራችን ጥቁር ድንጋይ በሆዱ ብረት አለው፤ ከብረት ስትሸሽ የገባችው ብረት ቤት ነው። እማማ ትሁን መጁን እንደያዙ ቁጭ አሉ።

«እኔ ነኛ ልጄን በገዛ እጄ ያስቀረሁ! ምነው ወፍጮውን በሰበረው!»

«እማዬ፣ አንቺ ምን አጠፋሽ?»

«እንግዲያ ዝም በሉ! ማን ያየ አለ? አንተም ልጄ፣ ዝም በል!»

ለእኔ ዝም ማለቱ ይቀለኝ ነበር፤ አንጀቴን በሉት። የኔዓለም ግን ብናኙን ወረቀቱ ላይ እንዳለ አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። «አማካሪዬ ውጤቱን በስማቸው ሊያሳትሙት ነው እኮ። ማየት አለባቸው» አለች፤ ከዚያ እናቷን አቅፋ አብራቸው አለቀሰች።

አማካሪዋ ብናኙን በማግኔቱ ደጋግመው ፈተሹት። ለወዳጃቸው የጻፉትን ራሳቸው ሻሩት፤ ክፉ ቃል ግን አልተናገሯትም። የኔዓለም ሐሰተኛው ማግኔት እንዴት እንደገባ ጽፋ በጥሩ ውጤት ተመረቀች። የዶክትሬቱ ቦታ ለሌላ ሰው ሆነ። እሷ ሞጣ ተመልሳ አስተማሪ ሆነች፤ እስከ ዛሬም እዚያው ናት።

እነሆ ስልኬ የወደቀ ዕለት ሞጣ ደርሼ ቤቷ ገባሁ። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፤ የእኔንስ አታንሱት። የፈተና ወረቀት እያረመች ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ያልጠየቅኋትን ጠየቅኋት።

«የኔዓለም፣ አይቆጭሽም?»

የለም፣ የእግዜር ፈቃድ ነው ትለኛለች ብዬ ነበር።

«ይቆጨኛል እንጂ! ምን ነካህ? መሄድ እፈልግ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ያቃጥለኛል» አለች እስክሪብቶዋን አስቀምጣ። «ግን አስበው እስቲ። ያ ጥናት ታትሞ ቢሆን፣ አንድ የድሃ አገር ልጅ ያነብበውና እሠራዋለሁ ብሎ ይነሣል። ቢፈጭ፣ ቢጋግር አይሆንለትም። እኔ ነኝ የማልረባው ይላል። ወጣትነቱን የእማዬን ወፍጮ ሲፈልግ ይጨርሰው ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ልጅ አስባለሁ። ስሙንም አገሩንም አናውቅም። ሞጣ የምትባል ከተማ መኖሯንም አልሰማ ይሆናል። ግን የሆነ ቦታ አለ፤ ጊዜውንም ሌላ ነገር ላይ እያዋለው ነው።