ዲሹ ወደ ኳሱ የዞረ ሳምንት

አባቴ እግራቸውን ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ፀዳ ከተማ እኛ ቤት ያረፉት ክረምቱ በበረታበት ሰሞን ነበር። ቁስሉ ሳይዘጋ አገራቸው ድብ ባሕር ተመልሰው ጭቃ ከረገጡ እግራቸውን ሊያጡ እንደሚችሉ ነርሷ ሳትሸፋፍን ነገረችኝ። «ቢያንስ ሁለት ሳምንት ያዟቸው» አለች። አባቴን መያዝ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግን እሷ አታውቅም።

በአገራቸው ቤተ ክርስቲያኑ ከደጃቸው ሥር ነው። የእኛ ሰፈሩ ግን አቀበት ላይ ስለሆነ በዚያ እግር አይታሰብም። ፍልሰታ ሲገባ ምን እናደርጋለን ብለን ስንጨነቅ የደረሰልን ቴሌቪዥኑ ነው። አንዴ ገዝተን ጣራ ላይ የሰቀልነው፣ በየወሩ ክፈሉ የማይለን ዲሽ ነበረን። ግማሹ ጣቢያ ብርድ ልብስ ያስተዋውቃል፣ ግማሹ ያንኑ ድራማ ይደጋግማል። በፍልሰታ ግን አንዱ ጣቢያ ቅዳሴ በየቀኑ ያስተላልፋል። አባቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ፊቱ ይቀመጣሉ፣ ተነሡ ሲባል በመቋሚያው ተደግፈው በደህናው እግራቸው ይቆማሉ። ካህኑ ሕዝቡን ሲያሰናብት እጃቸውን ታጥበው ይበላሉ፣ ኪኒናቸውንም ያኔ ይውጣሉ። ቅዳሴው በቴሌቪዥኑ ሳይወጣ ውሃም አይቀምሱም።

እኔ በበኩሌ ሌላ ፆም ላይ ነበርሁ። ክረምቱን ሙሉ ኳስ አልነበረም፤ ቅዳሜ ሊጀምር ነው። ኳስ ማሳያ ቤት የሰው ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ማየት ስለሰለቸኝ ረቡዕ ዕለት የሚከፈልበትን የኳስ ጣቢያ አስገባሁ።

የዲሽ ባለሙያው ጣራው ላይ ሆኖ፣ «ይኼኛው የሚመጣው በሌላ አቅጣጫ ነው። ካዞርሁት የድሮዎቹ ይጠፋሉ፣ ሁለተኛ ዲሽ ብትጨምር ይሻልሃል» አለኝ። በነፃ ይታይ የነበረ ነገር ከፍዬ እንዴት ይጠፋብኛል ብዬ አሰብሁ።

«አዙረው» አልሁት።

ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ አባቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ጠበቁ። ሪሞቱን እየተጫንሁ ፈለግሁ። አንዱ ጣቢያ ላይ ዓሣ ይጠበሳል፣ ሌላው ላይ ፈረንጆች ቤት ይመርጣሉ፣ ሌላው ላይ አንበሳ ሚዳቋ ያባርራል። ሥዕሉ መቼስ ጥርት ያለ ነው፣ የአንበሳው ጢም ይቆጠራል። ቅዳሴ ግን የለም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባለቤቴ ምግብ ስታቀርብ አባቴ አልነካም አሉ።

«አባዬ፣ ቅዳሴ እኮ ወጥቷል። ሰዓቱን ይዩት» አልሁ።

«ሰዓት መች ቀድሶ ያውቃል?» አሉኝ።

ሲመሽ ሁለት ጉርሻ ቀመሱ፣ ኪኒኑን ተዉት። ተናደድሁ። የተናደድሁት በራሴ ነው፤ በሩን ግን በእሳቸው ላይ ጓ አድርጌ ዘግቼ ወጣሁ።

ዓርብ ጠዋት ቦርሳቸውን አሥረው በሩ ላይ አስቀምጠው አገኘኋቸው። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል።

«ምነው አባዬ?»

«ሲያባራ እሄዳለሁ። እናንተ ሸጋ አድርጋችሁ ይዛችሁኛል፣ ቅር አይበላችሁ። ከደጄ ሆኜ ደወሉን እየሰማሁ ልጹም።»

«እግርዎስ?»

«እግሩን የሰጠኝ ያውቃል።»

ባለቤቴ ጓዳ ጠርታኝ ጫማቸውን እንደደበቀች ነገረችኝና፣ «ኳስህን አሁኑኑ አስነቅለው» አለች። ባለሙያው ጋ ደወልሁ። «በዝናብ ቆርቆሮ ላይ አልወጣም፤ ሲያባራ እመጣለሁ» አለኝ። አባቴም የሚሄዱት ሲያባራ ነው። እንዲያባራም እንዳያባራም እየለመንሁ መስኮቱ ሥር ቆሜ ዋልሁ። እግራቸው ቢቆረጥ ለወንድሞቼ ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ?

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ዝናቡ ወደ ካፊያ ተለወጠ፣ ባለሙያውም መጣ። ትርፍ ዲሽ አልያዘም፣ አንዱን ምረጥ አለኝ።

«ነገ እኮ ኳሱ ይጀምራል» ሲል አስታወሰኝ።

«አዙረው።»

አባቴ ካፖርታቸውን ለብሰው አልጋ ሥር ጫማ ይፈልጋሉ። ባለሙያው ከጣራው «መጣ?» ይላል፣ እኔ «አልመጣም» እላለሁ። «አሁንስ?» «አልመጣም።» ድንገት የካህኑ ዜማ ቤቱን ሞላው። አባቴ ከአልጋው ሥር ቀና አሉ። ካፖርታቸውን አውልቀው ነጠላቸውን አጣፉና መቋሚያቸውን ይዘው ቆሙ።

ለከፈልሁበት ወር ያየሁት ያንን አንበሳ ብቻ ነው። ግን ቅዳሴው ወጥቶ አባቴ እጃቸውን ሲታጠቡ፣ በልተው ኪኒናቸውን ሲውጡ፣ ከሆስፒታል ከወጣን ጀምሮ የተጫነኝ ነገር ሁሉ ከላዬ ወረደ። እፎይ ብዬ እኔም ከትሪው መጉረስ ጀመርሁ።

«ይችን ቦርሳ ከበሩ ላይ አንሷት» አሉ አባቴ እያላመጡ። «ሰው ታደናቅፋለች።»

ከባለቤቴ ቀድሜ ተነሥቼ አነሳኋት።