ምክንያቱ ያልተገለጸ ቃጠሎ

ባለቤቴ በአየር ኃይል ውስጥ ለብዙ ዓመት መካኒክ ሆኖ ሠርቷል፤ አንድም ቀን ግን በአውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም። አደጋው የደረሰበትም መሬት ላይ ነው። እሱ ከቆመ የጦር አውሮፕላን ሥር ሆኖ ጎማ ሲፈታ ሌላ አውሮፕላን መንገዱን ስቶ መጥቶ የቆመውን ገጨው። ነዳጅ ፈሰሰ፣ እሳት ተነሣ። አንገቱና ቀኝ እጁ ተቃጠሉ። የት እንደሆነ አልጽፍም።

እኔ በዚያን ጊዜ እሱ በተኛበት ሆስፒታል ካርድ ክፍል እሠራ ነበር። ሥራችን ሐኪም የጻፈውን ሕመምና ጉዳት ወደ ኮድ መለወጥ ነው። ለቃጠሎው አንድ ኮድ ይሰጣል፣ ቃጠሎውን ላመጣው ነገር ደግሞ ሌላ። የፈላ ውሃ የራሱ አለው፣ ኤሌክትሪክም የራሱ አለው። የጦር አውሮፕላን ከሌላ አውሮፕላን ጋር ሲጋጭ ለሚጎዳ ሰው እንኳ ኮድ አለ። የኮዱን መጽሐፍ ያዘጋጁት ሰዎች ረስተውት አልነበረም።

የእኛ ክፍል ግን የራሱ ልማድ ነበረው። የወታደር ነገር ያለበት ካርድ ሲመጣ ጉዳቱ በትክክል ይገባል፤ ምክንያቱ ላይ ሲደረስ «ያልተገለጸ» ይባላል። ከላይ የመጣ ትእዛዝ አልነበረም። ነገ ማን መጥቶ ምን ይጠይቀናል ከሚል ፍርሃት የተጀመረ ነው፤ ያስጀመረችንም አለቃችን ናት። ፊት ለፊት «እርስዎ» እላት ነበር። እዚህ ግን «እሷ» እላታለሁ።

የባለቤቴ ካርድ እሷ እጅ ገባ። ሚስቱ ስለሆንኩ እኔ ልነካው አይፈቀድልኝም፤ በዚህ ቅሬታ የለኝም። ሐኪሙ በአውሮፕላን ግጭት በተነሣ እሳት መቃጠሉን በግልጽ ጽፏል። እሷ ያልተገለጸ ብላ አስገባችው።

ባለቤቴ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት ሲገባ ጠያቂ በዛ። እኛ የምንኖረው ከ18 ማዞሪያ ትንሽ ገባ ብሎ ነው፤ ወሬ ቶሎ ይደርሳል። አንዱ ጎረቤታችን ገና ሳይቀመጥ፣ «ሌላው ሰው በሲኖትራክ ይገጫል፤ ጋሼ ግን አውሮፕላን ካልሆነ አልገጭም አሉ» አለ። ባለቤቴ ሳቀ፤ የአንገቱ ቆዳ ሲወጠር ደግሞ ሳቁን አቋረጠ።

ቁስሉ ደረቀ። ቆዳው ግን እየተሰበሰበ ጣቶቹን ወደ መዳፉ አጠፋቸው። ሐኪሙ፣ ጠባሳው ተከፍቶ ከጭኑ በተወሰደ ቆዳ መሸፈን እንዳለበት፣ ከቆየ ጅማቱ አጥሮ እንደሚቀር ነገረን። በሥራ ላይ የተጎዱ የሠራዊቱ አባላት ይህን ሕክምና የሚያገኙበት ቦታ አለ። ሄድን። የተቀበለን ሰው ከካርድ ክፍላችን የወጣውን የሕክምና ማጠቃለያ አገላብጦ አየና መለሰልን።

«መሥሪያ ቤቱ በሥራ ላይ ነው ይላል፣ ሆስፒታሉ አላውቅም ይላል። አስማምታችሁ ኑ።»

በማግሥቱ ወደ ጠረጴዛዋ ሄድኩ።

«እትዬ፣ ሐኪሙ የጻፈው ይግባልን ነው የምልዎት።»

«ለባልሽ ሲሆን አሠራር ይቀየር?»

«አሠራሩስ ካርዱ ላይ የተጻፈውን ማስገባት አይደል?»

«አውሮፕላን የሚል ነገር ከዚህ ክፍል ወጥቶ አያውቅም። ጡረታዬ ደርሷል፣ በመጨረሻዬ ነገር አልፈልግም። አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ይድናል።»

የቀሩት ባልደረቦቼ ኮምፒውተራቸው ላይ አቀርቅረው ነበር። በኋላ መተላለፊያው ላይ አግኝተውኝ አዘኑልኝ። ሐዘናቸውን ተቀበልኩ፤ እስካሁንም አልረሳሁላቸውም። ከእሷ በላይ ላሉትም አመለከትኩ፤ እነሱም መልሰው ወደ እሷ መሩኝ።

ከሥራ ስመለስ እጁን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጥለታለሁ። ጠባሳውን በቫዝሊን አሻለሁ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ እገፋለሁ፣ ከዚያ እንዳይታጠፉ ሐኪም ከሰጠን መደገፊያ ጋር አስራቸዋለሁ። ሲያመው ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል።

«እንዲህ የዛገ ብሎን ገጥሞኝ አያውቅም» ይለኛል።

በየቀኑ ትንሽ እከፍታለሁ፣ ሲነጋ ተመልሶ ታጥፎ አገኘዋለሁ።

እሷ ጡረታ ወጣች። በቦታዋ የተተካው ሰው ካርዱን አውጥቶ አነበበው፤ «ይኼማ ግልጽ ነው» ብሎ ትክክለኛውን ኮድ አስገባ። ያዘዘውን ሻይ ገና አልጨረሰም ነበር። ማጠቃለያው ታርሞ ወጣ፣ ባለቤቴም ተራ ደርሶት ቀዶ ሕክምናው ተደረገለት። ሦስቱ ጣቶቹ ተከፈቱ። የቀለበት ጣቱና ትንሿ ግን እንደታጠፉ ቀሩ። ቀድማችሁ ብትመጡ ኖሮ አሉን።

ባለፈው ሳምንት እሷ ልትጠይቀው መጣች። ቤቷ ከእኛ ብዙ አይርቅም፤ አስኮ ነው። ብርቱካን ይዛለች። ባለቤቴ ቂም የሚባል ነገር አያውቅም፤ ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበላት፣ «እትዬ፣ እዚህ ይሻልዎታል» ብሎ የራሱን ቦታ ለቀቀላት። አንዱን ብርቱካን አንሥቶም ይልጥላት ጀመር። በሦስት ጣት ይዞ፣ በግራው እያዞረ፣ ቀስ እያለ ላጠው።

«ተመስገን ነው» አለች። «ይኸው፣ ብዬሽ አልነበር? ድኗል።»

«ሁለቱ አይዘረጉም» አልኩ። «ሐኪሙ ዘግይታችሁ ነው የመጣችሁት ብሏል። ያዘገየን ምን እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ።»

ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝ። እሷ እጁን አየች፤ ያኔ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና አድርጋ ያየችው ይመስለኛል። የተላጠውን ብርቱካን ሲሰጣት ተቀብላ ሳትበላው ይዛው ቆየች። ከዚያ ስለ ታክሲ ሰልፍ አንሥታ ትንሽ አወራች።

ልትሄድ ስትነሣ ነጠላዬን ደርቤ እስከ ግቢው በር ሸኘኋት። «ይግቡ» አለችኝ፤ እስከዚያ ቀን «አንቺ» ነበር የምትለኝ። ገባሁ።

«እስከ ፌርማታው አታደርሻቸውም ነበር?» አለኝ ባለቤቴ።

«መንገዱን ያውቁታል» አልኩትና የብርቱካኑን ልጣጭ ከጠረጴዛው ላይ ሰበሰብኩ።