ጉተማ ጂቱን ሊያመጣ ሲሄድ

ጉተማ ሳንቃ ሰንጣቂ ነበር። ከቀበና ወንዝ በላይ፣ የካ ዳገት ላይ፣ ከሚስቱ ከጂቱ ጋር በአንዲት የጭቃ ቤት ይኖር ነበር። አባቱ እዚያው አካባቢ ገበሬ ነበሩ። መሬቱ ባሕር ዛፍና የሰው አጥር ሲሆን እሱ ሞፈሩን ትቶ መጋዝ ያዘ። መጋዙ ረጅም ነው፤ ሁለት ሰው ይስበዋል። አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን ጫፍ አብሮ አደጉ ነገሳ ይይዙና ሲጎትቱ ይውላሉ። ምሳ ሲደርስ ከአንድ አገልግል ይበላሉ።

ጂቱ ወሬ የምትወድ ሴት ነበረች። ከገበያ ስትመለስ የሰማችውን ሁሉ ካላወራች ነጠላዋን እንኳ አታስቀምጥም። አንድ ልጅ ወልደው በኩፍኝ ሞቶባቸዋል፤ ከዚያ በኋላ እግዜር አልሰጣቸውም። ቢሆንም ቤቱ በእሷ ወሬ ሞልቶ ስለሚያድር ጉተማ ጎደለኝ ብሎ አያውቅም።

የታኅሣሡ ግርግር በሆነ በዓመቱ ግን ጂቱ ዝም አለች። ሲመሽ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መተኛት ጀመረች። እጁ ሲነካት ሸሸት ትላለች። ጉተማ ሰለቸኋት ብሎ አሰበ። ምን ሆንሽ ብሎ መጠየቅ ከበደውና እሱም አኮረፈ። ክረምቱን በሙሉ በአንድ ጣሪያ ሥር እንደ ባዕድ ከረሙ።

መስከረም ላይ፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ጂቱ እንስራ አዝላ ስትገባ ደጃፉ ላይ አዳለጣት። ጉተማ ዘሎ በጎኗ ሲደግፋት ጮኸች፤ እንዲያ ስትጮኽ ሰምቶ አያውቅም። የዚያን ቀን ቀሚሷን ገልጣ አሳየችው። ግራ ጡቷ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፤ ቆዳው ተጨማዷል።

“ለምን ደበቅሽኝ?” አላት።

“ትጠየፈኛለህ ብዬ” አለችው።

ጉተማ ወደ ጓሮ ወጥቶ አጥሩን ተደግፎ ቆመ። ያ ሁሉ ወር ያኮረፈው የታመመች ሴት ላይ ነበር።

ሐኪም ቤት ወሰዳት። ጸበሉንም ሞከሩ፤ በኋላ ግን ሐኪሞቹ ጡቷን ቆርጠው አወጡት። ሐኪሙ ፈረንጅ ስለነበር፣ የሚያስተረጉምለት ረዳቱ ድሬሰር ጉተማን ወደ ኮሪደሩ ጠርቶ ነቀርሳ መሆኑን ነገረው። ተመልሶ ከመጣ ሌላ የሚደረግ ነገር የለም፣ ለእሷ ግን እንዳትነግራት፣ ተስፋ ትቆርጣለች አለው። ጉተማ እሺ አለ። ያን ቃል ይዞ ወደ ቤት ሲመለስ ከመጋዝም ከግንድም የከበደ ነገር እንደተሸከመ ተሰማው፤ የሚያጋራው ሰው ደግሞ አልነበረም። ለወትሮው የልቡን የሚነግራት እሷ ነበረች።

ለጥቂት ጊዜ ደህና ሆነች፤ ወሬዋም ተመለሰ። ቀጥሎ ቁስሉ ከጠባሳው ሥር እንደገና ፈነዳ። በዚህ ጊዜ ሽታ ነበረው። ጎረቤቶች መጀመሪያ ገብተው ይጠይቋት ነበር፤ ቀስ በቀስ በራፉ ላይ መቆም ጀመሩ፤ ኋላም ከአጥር ውጭ “እንዴት አደረች?” ብለው የሚያልፉ ሆኑ። ነቀርሳ ይጋባል የሚል ወሬ በሰፈሩ ገብቶ ነበር። ጉተማ ጠዋት ጠዋት ቁስሏን በሞቀ የጨው ውኃ ያጥብና ከአሮጌ ነጠላ በተቀደደ ጨርቅ ያስርላታል። ያደረውን ጨርቅ ቀበና ወርዶ በእንዶድ ያጥበዋል። ሴቶቹ ሲያዩት ልብሳቸውን ሰብስበው ወደ ላይ ፈቀቅ ይላሉ። ስለዚህ ሳይነግሩት ከሁሉም በታች፣ ውኃው ከሚደፈርስበት ላይ መቀመጥን ለመደ።

ከዚህ ሁሉ የጎዳው ግን የነገሳ ነገር ነው። አንድ ቀን ነገሳ የራሱን ምሳ ለብቻ ቋጥሮ መጣ። ሆዴን አሞኛል አለ። በማግስቱም፣ በሳልስቱም እንደዚያው። ጉተማም ጀርባውን ለግንዱ ሰጥቶ ብቻውን በላ፤ ሲጨርሱ ተነሥተው መጋዙን እንደገና ይዘው ሲስቡ ዋሉ።

ጂቱ ይህን ሁሉ ከአልጋዋ ሆና ታያለች። ወንድሟ በዳዳ ከእንጦጦ ማዶ፣ ከሱሉልታ ሊጠይቃት ሲመጣ፣ ይዘኸኝ ሂድ አለችው። ጉተማ በእኔ የተነሣ ሥራ ፈትቷል፣ እዚያ የሚያስታምሙኝ ሴቶች አሉ አለች። ጉተማ ቅር ቢለውም የወንድም ነገር ነውና እምቢ አላለም። በበቅሎ አስቀምጠው ወሰዷት።

በሳምንቱ ጎረቤቶች መምጣት ጀመሩ። አንዱ እንጀራ፣ አንዱ ጠላ ይዞ ይመጣል፤ ገብተው ይቀመጣሉ፤ ያጫውቱታል። ጉተማ አመስግኖ ይቀበላቸውና፣ ሲወጡ ባዶውን አልጋ እያየ ይቀመጣል። ጠዋት ሲነሣ እጁ ሳያውቀው ውኃ ሊጥድ ይሄዳል። አንድ ቀን ነገሳን ዛሬ አልሠራም ብሎት ዱላውን ይዞ ዳገቱን ያዘ። እንጦጦን አቋርጦ በዳዳ ቤት ሲደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች።

ጂቱን ከዋናው ቤት ትንሽ ራቅ ካለች ጎጆ አገኛት። ወተቱም ማሩም አልጎደለባትም። ቁስሉን የሚነካ ግን አልተገኘም፤ ጨርቁ ደርቆ ከገላዋ ተጣብቋል። ጉተማ ውኃ አስሞቀና ጨርቁን እያራሰ ቀስ አድርጎ ያላቅቅ ጀመር። ለብቻቸው ሲሆኑ እንደ ልማዳቸው በኦሮምኛ ነበር የሚነጋገሩት።

“ለምን መጣህ?” አለችው።

“ልወስድሽ።”

“እኔ እዚያ ካለሁ ሰው ሁሉ ይርቅሃል። ከሄድኩ ይመለሳሉ ብዬ እኮ ነው።”

“ተመልሰዋል” አላት። “ምን ላድርጋቸው?”

ጂቱ ሳቀች፤ ሳቁ አሳመማትና ጎኗን ያዘች። ሕመሙ ሲተዋት፣ “ነቀርሳ እንደሆነ አውቃለሁ” አለችው። “ሐኪም ቤት ተኝቼ ሳለ ክፍሉን የሚያጸዱት ሴቶች በኦሮምኛ ሲያወሩ ሰማሁ። ቋንቋውን አትሰማም ብለው ነው።”

“ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?”

“አንተስ?”

ጉተማ ጨርቁን እንደያዘ አለቀሰ፤ እሷም ጭንቅላቱን ዳበሰችው።

በማግስቱ በዳዳ በቅሎውን ሰጣቸውና ተመለሱ። እንጦጦ አናት ላይ ሲደርሱ ደከመኝ ስላለች አወረዳትና ከባሕር ዛፉ ሥር ተቀመጡ። ከታች ከተማው በጭስና በጉም መሐል ይታያል። ከሞትኩ ገላዬን አንተ እጠበኝ፣ የማያውቀኝ ሰው አይንካኝ አለችው። ቃሉን ሰጣት። ስለ ሞቷ እንዲህ ፊት ለፊት ሲነጋገሩ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ጉተማም ያ ሁሉ ሸክም ሲቀለው ተሰማው።

ቤታቸው ሲመለሱ ጎረቤቱ እንደገና ራቀ። ግንቦት እስኪገባ ሁለቱ ብቻቸውን ከረሙ። ሕመሙ ሲበረታባት ጉተማ ከኋላዋ ተቀምጦ ደረቱ ላይ ያስደግፋታል። ሲተዋት ስለሞተው ልጃቸው፣ ስለ ሠርጋቸው፣ ያን ክረምት ስለ መኮራረፋቸው ያወራሉ። አንድ ጠዋት እንደተደገፈችው ትንፋሿ ቆመ። ቃሉን አክብሮ አጠባት። የሰፈር ሴቶች ሥራው የእኛ ነው ቢሉትም በሩን አልከፈተም።

የካ ሚካኤል ስትቀበር ዕድርተኛው ሁሉ ወጣ፤ ከሁሉ አብልጦ ያለቀሰ ነገሳ ነበር። ጉተማ አልተቀየመውም። ከእሱ ጋር መጋዝ መሳብ ግን አልቻለም። ሥራውን ትቶ አንድ የችግኝ ጣቢያ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ሚስት አግባ የሚሉትን እሺ እያለ ዓመታት አሳለፈ፤ አላገባም።

አብሮት የሚጠብቀው ወልደሰንበት የሚባል የመንዝ ሰው ነበር፤ አዲስ መጤ ስለሆነ ጉተማን አያውቀውም። አንድ ከሰዓት፣ ዝናብ መጥቶ ከችግኝ ሠራተኞቹ ጋር ከመጠለያው ሥር ሲቀመጡ፣ ቤተሰብ አለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ጉተማ የለኝም ሊል ነበር።

“ጂቱ የምትባል ሚስት ነበረችኝ” አለ። “ወሬ ትወድ ነበር።”

ወልደሰንበት ጋቢውን አስተካክሎ ወደ እሱ ዞረ። ዝናቡ አባርቶ ሌሎቹ ወደ ሥራቸው ሲመለሱ፣ ጉተማ ገና እያወራ ነበር።