ኩበት ያልተለቀመባቸው ሁለት ጎጆዎች

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ባጃጅ ስላጣን በመስኩ አቋረጥን። ታናሿ ልጄ አብራኝ ነበረች። ረግረጉን አልፈን ወደ ጉብታው ስንወጣ አንድ ወፍ ከእግራችን ሥር እየጮኸ ተነሣ። ጥቂት በርሮ መሬት ላይ ወደቀና አንድ ክንፉን እየጎተተ ከፊታችን ሄደ። ልጄ የተሰበረ መስሏት ልትይዘው ተከተለችው። ተመለሽ አልኳት። አልተሰበረም፤ እኛን ከእንቁላሉ ሊያርቅ ነው።

«እማ፣ አንቺ ይህን ከየት አወቅሽ?»

«ተቀጥሬበት ነበር።»

ሳቀች። እኔም ብዙ አላስረዳኋትም። የቀረውን እዚህ እጽፈዋለሁ።

አሥረኛ ክፍልን ጨርሼ ምን እንደምሆን ሳላውቅ ቤት የተቀመጥኩበት ዓመት ነው። ቤታችን ከእንጅባራ ወደ ጥሊሊ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከዚህ መስክ አጠገብ ነበር። ዐቢይ ጾም እንደገባ ሰብለ የምትባል መምህርት ከዩኒቨርሲቲ መጥታ ከቤታችን አንዲቱን ክፍል ተከራየች። አንቱ ስላት አንቺ በይኝ ብላ አስቸገረችኝ፤ እስክለምደው ድረስ ስሟን ሳልጠራ ነበር የማወራት። የመጣችው በረግረግና በመስክ የሚኖሩትን ባለረጅም እግር ወፎች ልታጠና ነው፤ የት እንደሚመገቡ፣ የት እንቁላል እንደሚጥሉ፣ ከጣሉትም ስንቱ እንደሚፈለፈል። ከሁሉም አብልጣ የምትከታተለው ከምንቃሩ ግራና ቀኝ ቢጫ ሥጋ እንደ ጉትቻ የተንጠለጠለበትን ወፍ ነበር። እኛ ጩኸቱን እንጂ ስሙን አናውቅም።

ይህ ወፍ ጎጆውን ዛፍ ላይ አይሠራም። አጭር ሣር ባለበት ሜዳ ላይ መሬቱን በደረቱ ጎድጎድ አድርጎ እዚያው ይጥላል። እንቁላሎቹ አፈር መልክ ሆነው ጥቁር ነጠብጣብ አላቸው። ሰብለ ስታሳየኝ ሁለት ጊዜ ልረግጣቸው ደርሼ ነበር።

እርሷ ወደ ዳንግላ ረግረጎች በምትሄድበት ቀን በክፍያ ጎጆዎቹን የማየው እኔ ሆንኩ። ሰባት ነበሩ፤ ሁሉም ጉብታው ላይ። ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ፣ ማታም ከብቱ ሲገባ እየዞርኩ ያየሁትን ሁሉ በደብተር እንድጽፍ አዘዘችኝ። «ሁሉን» ስላለችኝ ሁሉን ጻፍኩ። ደመናውን፣ ቁራውን፣ ምሳዬን የበላሁበትን ቦታ ሳይቀር። ምሳዬ ዘወትር የድንች ቅቅል በሚጥሚጣ ነበር።

በዚያ ወር የአካባቢያችን ሴቶች ለክረምት የሚሆን ኩበት ከመስክ ይለቅማሉ። እናቴም መስክ ከዋልሽ አይቀር ብላ ጆንያ ሰጠችኝ። እኔ ደግሞ ሌላም ሐሳብ ነበረኝ። ጎጆዎቹ በደረቅ ኩበት መካከል ስለሆኑ ሁልጊዜ ይጠፉብኛል፤ ዙሪያውን ባጸዳው ከሩቅ አያቸዋለሁ ብዬ አሰብኩ። በሁለት ቀን የአምስቱን ዙሪያ ለቀምኩ። እውነትም ከሩቅ ይታዩ ጀመር።

በሳምንቱ አምስቱም ባዶ ሆኑ። ጥቂት ቅርፊትና በዙሪያው የከብት ኮቴ ብቻ ቀረ።

ሰብለ ከዳንግላ ተመልሳ ኮቴውን አየች፤ ከብት ነው የረገጣቸው አለች። ወፎቹ በሚጥሉበት ወራት መስኩ ለከብት እንዲዘጋ ለቀበሌው ሐሳብ አቀረበች። ለእሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ ተጠራ። መስኩ ቢዘጋ ከሁሉ በፊት የሚጎዱት አያ ጥላዬ የሚባሉ ጎረቤታችን ነበሩ። ሌላ ግጦሽ የላቸውም። ያለቻቸው አንዲት ላም በቅርቡ ወልዳለች፤ ከተዘጋ ከመሸጥ በቀር መንገድ አልነበራቸውም።

እኔ በዚያ ሳምንት አንድ ነገር አይቻለሁ። የተረፉት ሁለቱ ጎጆዎች ኩበት ያልለቀምኩባቸው ነበሩ። ከብቱ በነዚያም ዙሪያ ይግጣል። ባጸዳሁት ቦታ ላይ ግን ቁራ ሲመላለስ አይቼ ነበር። ገብቶኛል፤ ግን ዝም አልኩ። ሥራውን አጣለሁ ብዬ ፈራሁ።

በስብሰባው አያ ጥላዬ ተነሥተው ይህ ወፍ በአያቴ ጊዜም ከላም ጋር ነበር፣ ላም አትረግጠውም አሉ።

አንዱ ከኋላ፣ «አያ፣ ላምዎ ወፍ ስታይ ጫማዋን ታወልቃለች?» አላቸው።

«ክንፉን ዘርግቶ ሲጮህባት ዞር ትላለች። አንተስ ሚስትህ ስትጮህብህ ዞር አትልም?»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ለእሳቸው አልጠቀማቸውም። ለድምፅ እጅ ሊወጣ ሲል አያ ጥላዬ እንደቆሙ ነበሩ፤ ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ይዘዋል። እጆቻቸውን ሳይ ተነሣሁ።

«ላሞቹ አይደሉም። ዙሪያውን ኩበት የለቀምኩት እኔ ነኝ። እንቁላሉ ሲገለጥ ቁራ አየው።»

ኩበትና ወፍ ምን አገናኛቸው ብለው እንደገና ሳቁ። ሰብለ ግን አልሳቀችም። ደብተሩን ከፍታ አገላበጠች። ብዙ ቆየችበት። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽኝም?»

«አሁን ነው የገባኝ» አልኩ።

ደብተሩን ዘጋች። ለተሰበሰበው ሰው፣ ስሕተቱ የእርሷ መሆኑን፣ ላሞቹ ሣሩን ባያሳጥሩትና ኩበታቸው ባይሸሽገው ወፉ እንቁላል የሚጥልበት ቦታ እንደማይኖረው ተናገረች። መስኩ ሳይዘጋ ቀረ። አያ ጥላዬ በማግስቱ ደጃችን ድረስ መጥተው፣ «ኩበት ሲያጥራችሁ ከእኔ በረት ውሰጂ። ከመስኩ ግን እስኪፈለፈሉ ተይ» አሉኝ። ሌሎቹም ሴቶች በእነዚያ ሳምንታት ከጉብታው መልቀም ተዉ።

ሰብለ ክረምቱ ሲገባ ጥናቷን ጨርሳ ሄደች። የሚያስፈልጋትን ገልብጣ ስለነበር ደብተሩን ለእኔ ተወችልኝ። አንድ ቀን ሳገላብጥ ከስብሰባው ሦስት ቀን በፊት የጻፍኩትን አገኘሁ። ሁሉን ጻፊ ስላለችኝ ጽፌዋለሁ፤ መጻፌን ግን ረስቼዋለሁ። «ኩበት ያልተለቀመባቸው ሁለቱ ደህና ናቸው። የለቀምኩባቸውን ቁራ ጨርሷቸዋል» ይላል። ከሥሩ በእርሷ ቀይ እስክርቢቶ ተሰምሮበታል። ሌላ ምንም አልተጻፈም።

አንብባው ኖሯል። መዋሸቴን እያወቀች ነው በሰው ፊት ደብተሩን የዘጋችው።

አያ ጥላዬ ዐርፈዋል። ከመስኩም እኩሌታው ለከሰል በሚተከል ዛፍ ተሸፍኗል፤ በዛፉ ሥር ያ ወፍ የለም። ጉብታው ግን እስከ ዛሬ ግጦሽ ነው፤ ላምም ወፍም አለበት። እግዚአብሔር ይመስገን።

እሑድ ዕለት ልጄ መንገዳችን ላይ ያለውን ደረቅ ኩበት ልታነሣ ጎንበስ አለች። ተይው አልኳት፤ ተወችው። ጥቂት እንደሄድን፣ ከትምህርት ቤት የተላከልኝን የጥሪ ወረቀት ደብቃ እንደቆየች ነገረችኝ። ነገ አብረን እንሄዳለን አልኳት። ከመቼ ጀምሮ እንደያዘችው አልጠየቅኋትም።